እድፉን እዩልኝ

«እሷ ምን ታውቃለች! ማጠብ ብቻ ነው የምታውቀው።»

ይህን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሱቁ ከተከፈተ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም። የተናገረችው ታናሽ እህቷ ናት። ታናሽየው በፊተኛው ክፍል ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ቀርቅራ ሽቦ ትቆርጣለች፤ ታላቅየው ከቺፑድ ግድግዳው ጀርባ የሰው ኮት እጅጌ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ስም ስላልተጠራ፣ ስለ ሌላ ሰው ነው ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ችግሩ፣ ያ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ቢታሰስ ማጠብ ብቻ የሚያውቅ ሌላ ሰው አይገኝበትም። ቀጥሎ የተባለውን ለመስማት ጆሮዋን ብታቆምም የቆሻሻ መኪና እያጓራ አለፈና ቀሪውን ዋጠው። ኮቱን መስቀያው ላይ መለሰችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ላውንደሪው የእሷ ነው፤ ከከፈተችው አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት «እትዬ» ይላታል፣ ዞር ስትል «በረኪና»። ስሙ ግማሹ ከሥራዋ ግማሹ ከምላሷ የተወሰደ ነው፤ ስትናገር ቀለም ታስለቅቃለች ይሏታል። ስሙን ታውቀዋለች። የሚያናድዳት ግን ምላሷ መነሳቱ ሳይሆን በረኪናው ነው። በረኪና በእሷ ቤት የሰነፍ መድኃኒት ነው፣ እድፉንም ጨርቁንም አንድ ላይ ይበላል። እሷ እድፍን የምታስለቅቀው ጠይቃ ነው፦ ምንድን ነህ፣ መቼ መጣህ፣ በየት በኩል ገባህ ብላ። ዘይት ከሆነ በዘይት መንገድ፣ ደም ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ዝገት ከሆነ በአሲድ ትሸኘዋለች። ከሦስት ሰፈር ወዲያ ያሉ ላውንደሪዎች እንኳ ያቃታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ስማቸውን ደብቀው ይልኩላታል። ይህን ሁሉ «ማጠብ ብቻ» ማለት ደግ ነገር አይደለም።

ሱቁ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ባንኮኒ፣ ትልቅ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ ከሱሪ እስከ መጋረጃ የተዘረዘረ የዋጋ ሰሌዳ፣ ከጣሪያው ስር ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ የልብስ መስቀያ ብረት አለው። ድሮ ያ ብረት ከልብሱ ብዛት ይጎብጥ ነበር። ሰው ሁሉ ማጠቢያ ማሽን ቤቱ እያስገባ ሲመጣ ብረቱ እየሳሳ ሄዶ አሁን ግማሹ ባዶ ነው። የኋላው ክፍል ሁለት ማሽኖች፣ የእድፍ ጠረጴዛና የመተኮሻ ጠረጴዛ ይዟል። መተኮሻው ላይ የሚሠሩት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሁለት ልጅ የዳሩ ጨዋ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ተኳሹ» ይላቸዋል። በሕይወታቸው ጠመንጃ ነክተው አያውቁም፤ ነገር ግን አዲስ የመጣ ደንበኛ «ተኳሹን አናግሩ» ሲባል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለቱ ሁልጊዜ ያስቃቸዋል።

ከሦስት ወር በፊት ታናሽየው መጥታ፣ ቀና ብላ ባዶውን ብረት አይታ፣ «እታለም፣ ይሄ ብረት ያሳዝናል፤ ለሁለት ሳምንት ብታውሺኝስ?» አለቻት። እሷና በአካባቢው ያሉ ሁለት ሰዎች የሠሩትን ሊሰቅሉበት ነው። ታላቅየው ወዲያው እሺ አለች። ስለ ጥበብ አስባ አይደለም። ሚጣ (ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ቢሆንም ለእህቷ አሁንም ሚጣ ናት) አንድ ነገር ከጠየቀቻት ሁለት ዓመት አልፎ ስለነበር ነው። አልተጣሉም። ቢጣሉ ኖሮ ይታረቁ ነበር። እናታቸው የሞቱ ጊዜ ቤቱን ባዶ ማድረግ ነበረባቸውና ታላቅየው እንደ ልማዷ በአንድ ቀን ለየችው፤ ይሄ ይሰጥ፣ ይሄ ይጣል፣ ይሄ ይታጠብ እያለች። ሚጣ ግድግዳ ተደግፋ አየቻት እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ በስልክ ሰላም ይባባላሉ፣ ስለ ዝናብና ስለ ጉንፋን ያወራሉ፣ «በይ ደህና ዋይ» ይባባላሉ።

እሺ ያለችው ነገር ምን እንደሚባል ጠይቃ ነበር። «ሚክስድ ሚዲያ ይባላል» አለቻት ሚጣ፤ «ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ሽቦ፣ ቀለም፣ የተገኘው ሁሉ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው።» ታላቅየው ግራ ተጋባች። በእሷ ሙያ መቀላቀል ማለት ወንጀል ነው። ነጭ ከቀይ ቀላቅሎ ማሽን ውስጥ የከተተ ሠራተኛ በዚያው ቀን ነው የተሰናበተው። «ከተቀላቀለ በኋላ እንዴት ይለያል?» አለች። ሚጣ ሳቀች፤ ተኳሹም ሳቁ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ታዲያ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ፣ ጡረታ የወጡት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከአሮጌ ሽቦ፣ ከጠርሙስ ቆርኪና ከጋዜጣ የሠሯቸውን አራት ፊቶች ከትናንት ጀምሮ ሰቅለዋል። የሁለተኛ ደረጃ መምህርቷ ደግሞ ተማሪዎቿ የጣሉትን የፈተና ወረቀት ቀዳ፣ ደራርባ ለጥፋ፣ ቀለም አፍስሳበት ከተማ የሚመስል ነገር አድርጋዋለች፤ ቀረብ ብሎ ያየ በየመስኮቱ «ከመቶ 31» የሚል ያነባል። እሱም ማጣበቂያው ስላልደረቀ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቷል። በየሥራው ስር የሚንጠለጠለው ጽሑፍ የሚጣ ሐሳብ ነው፤ የሥዕል ቤት ካርድ ከማሳተም የላውንደሪው ሮዝ ወረቀት ይሻላል አለች። ወረቀቱ ሦስት መስመር አለው፦ ቁጥር፣ ማሳሰቢያ፣ ያጠበው። የደንበኛው ስም መዝገብ ላይ ስለሚቀር ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ሚጣ የየሥራውን ርዕስ በስልክ ነገረቻቸው፤ ተኳሹ በዚያ ውብ እጅ ጽሕፈታቸው «ማሳሰቢያ» በሚለው ላይ አሰፈሩት፤ ቁጥሩንም ከዕለቱ መዝገብ አስከትለው ከ109 እስከ 114 ሰጡ። «ያጠበው» የሚለው ባዶ ቀረ።

የመጀመሪያዋ ተመልካች የሰፈሩ ፋርማሲ ባለቤት ነበረች። ነጭ ጋዋኗን ልትወስድ መጥታ ከሽቦው ፊት ለፊት ቆመች። ይህች ሴት ዓይኗ ክፉ ነው፤ ከመንገድ ማዶ ሆና የተንሸዋረረ የካውያ መስመር ታያለች።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«ኤሌክትሪክ ነው» አሉ ተኳሹ ፈርጠም ብለው።

«ለነገሩ ባለቤቴን ይመስላል» አለችና ጋዋኗን አገላብጣ አይታ፣ አንገትጌው ላይ ነጥብ ፈልጋ አጥታ፣ ቅር እያላት ሄደች። ከእሷ ቀጥሎ ተኳሹም አንድ ሱፍ ለደንበኛ ሊያደርሱ ወጡ። ሚጣም ስልኳን ዘጋች። የራሷን ሥራ ጠዋት እንደ ምንጣፍ ጠቅልላ ነበር ያመጣችው፤ ሽቦው አልበቃ ስላላት ልትገዛ መሄድ አለባት፣ ባንኮኒው ደግሞ በመምህርቷ ከተማ ተይዟል። ንጹሕ ቦታ ስትፈልግ ከባንኮኒው ስር ሰማያዊ ቅርጫት አየች። ባዶ ነው። ጨርቋን በጥንቃቄ አጥፋ፣ ሮዝ ወረቀቷን በመርፌ ቁልፍ አያይዛ አስቀመጠችውና «መጣሁ!» ብላ ወጣች። ከኋላው ክፍል መልስ አልመጣላትም።

በዚያ ሱቅ ሰማያዊው ቅርጫት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሚጣ ብቻ ናት። ቢጫው ለማሽን ነው፣ ነጩ ለካውያ፣ ሰማያዊው ለእድፍ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰማያዊው ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ በቀጥታ እድፍ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚወጣው።

ታላቅየው ቅርጫቱን አንስታ ወረቀቱን አነበበች። ቁጥር 114። ማሳሰቢያ፦ «እድፉን እዩልኝ»። በተኳሹ እጅ የተጻፈ፣ በቀን አስር ጊዜ የምታየው ቃል። ደንበኛ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሱሪውን ባንኮኒው ላይ ይጥልና፣ በጣቱ እያመለከተ፣ «እባክሽ እድፉን እዪልኝ» ይላል። እንድታየው ፈልጎ አይደለም፤ እንዲለቅ ነው የሚፈልገው። ጨርቁን ዘረጋችው። ነጭ አንሶላ ነው፤ መሀሉ ላይ ያረጀ የካኪ ቁራጭ ተሰፍቶበታል፣ ዳር ዳሩን ሌላ ጥቃቅን ጨርቅ። ጠረጴዛ ልብስ ይሁን መጋረጃ አልገባትም፤ ሰው ደግሞ የማያመጣው ነገር የለም። ካኪው ላይ የአዋቂ እጅ የሚያህል ጥቁር እድፍ አለ፤ አምስት ጣቱ እንኳ ይታያል። ይሄም አላስደነቃትም። ሰው ልብሱን የሚያቆሽሸው በእጁ ነው፤ በሥራ ዘመኗ ከእጅ ቅርጽ የበለጠ ያየችው የእድፍ ቅርጽ የለም። ካኪም ከጋራዥ እስከ መጋዘን የማይለብሰው ሠራተኛ የለም።

አሸተተችው፤ በጥፍሯ ጫፍ ፈተነችው። የማተሚያ ቤት ቀለም ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ። ሌላ ቀን ቢሆን ደንበኛውን አስጠርታ «ይሄ አይለቅም» ትለው ነበር። ዛሬ ግን ጠዋት የሰማችው ነገር ደረቷ ላይ ተቀምጧል። ማጠብ ብቻ ነው የማውቀው? እንግዲያው እንተያያለን አለች፤ ለማን እንዳለችው ባታውቅም። መጀመሪያ በግሊሰሪን አራሰችውና አንድ ሰዓት ያህል ተወችው። ከዚያ ከስር ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች፣ እድፉን በፊቱ ደፋችበት፣ ከጀርባው መድኃኒት በነካ ጥጥ ቀስ እያደረገች መታ መታ ማድረግ ጀመረች። አይፈተግም። ፈትጎ ያስለቀቀ የለም። ለተኳሹ ደጋግማ የምትነግራቸው ነገር ነው፦ እድፍ አይጠፋም፣ ቦታ ነው የሚለውጠው፤ ከጨርቁ የተሻለ ቦታ ከስር አዘጋጅተው ነው የሚጠብቁት። የመጀመሪያው ጨርቅ ጠቆረ። ቀየረችው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። እየሠራች አባቷን አስታወሰች፤ የማተሚያ ቀለም በሸተታት ቁጥር ታስታውሳቸዋለች። እሳቸውም ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠሩት። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የእሳቸውን ጋዋን ቀለም ላስለቅቅ ብላ ከማድቤት ላምባ ሰርቃ ለፍታ ነበር፤ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም፣ እሷ ግን በላምባው ምክንያት ተገርፋለች። ያ ያልቻለችው ቀለም ነው ዛሬ በስድስት ጨርቅ የወጣው። በስተመጨረሻ ካኪውን ገልብጣ መስኮት ላይ ይዛ ስታየው፣ ብርሃን የሚያልፍበት ንጹሕ ቡናማ ጨርቅ ሆኗል። ደስ አላት። በእውነት ደስ አላት፤ ብቻዋን «እሰይ!» አለች። ወረቀቱን አነሳችና «ያጠበው» የሚለው ላይ ፊርማዋን አስቀመጠች።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ተኳሹ ተመልሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ የተሰቀሉትን ሥራዎች ከወረቀታቸው ጋር ሊያመሳክሩ ተነሱ። 109፣ 110 እያሉ ባንኮኒው ላይ ያለውን ጭምር ቆጠሩ። «እትዬ፣ አንድ ጎድሏል» አሉ በቺፑዱ በር ብቅ ብለው። «114 የለም።»

«114 እዚህ ነው፤ አልቋል። የማን ነው? ይሄን ሰው ዋጋ ላስጨምረው ነው፤ ጠዋቴን ነው የበላው።»

የተኳሹ ዓይን ጠረጴዛው ላይ ካለው ጨርቅ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ጨርቁ ሄደ።

«የሚጣ ነው እኮ» አሉ። «የአባታችሁ ጋዋን። እጃቸው ያረፈበት… እኔ ራሴ ነኝ ስሙን የጻፍኩት። ሰው እንዲያይላት ነው እንዲያ ያለችው፤ በዓይን እንዲያይላት።»

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ጋዋኑ እናታቸው ቤት ሳጥን ስር ነበር፤ በዚያች የመለያ ቀን «ይሄ ይጣል» ብላ ወደ በሩ የወረወረችው እሷ ራሷ ናት። ሚጣ ከበሩ አንስታው ነበር ማለት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትናገር አስቀምጣው ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ሚጣ ሁለት ዓመቷ ነው። ፊታቸውን አታስታውስም፣ ድምፃቸውን አታስታውስም፣ ፎቶም ቢሆን ለመታወቂያ ከተነሱት አንድ ብጣሽ በቀር የለም። እጃቸውን ሁልጊዜ ቀኝ ጎናቸው ላይ አሳርፈው ስለሚቆሙ ቀለሙ ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ ያ ቦታ እጅ ሆኖ ነበር። ያንን ነው ያጠበችው።

ተኳሹ በሩን ገርበብ አድርገው ጠጋ አሏት። «ይሰሙኛል እትዬ? ሳትመጣ አንድ ነገር እናድርግ። የጫማ ቀለም አለኝ። እጄም…» አሉና መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩዋት፤ ካውያ ያጠነከረው ሰፊ መዳፍ ነው፤ «…ከእሳቸው የሚያንስ አይመስለኝም። አንዴ ተጫን ካሉኝ እጫናለሁ። እኔ እንደሁ አልናገር።»

ለአፍታ፣ እውነት ለመናገር ለአፍታ ብቻም አይደለም፣ አሰበችበት። ያንን መዳፍ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ሚጣ ምን ታውቃለች? ደስ ብሏት ትሰቅለዋለች፣ ሰው ያደንቅላታል፣ ነገሩ ያበቃል። ሚጣ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የሰው እጅ አባቴ ነው ብላ ስታይ ልትኖር ነው። «አይሆንም» አለች። «እጅዎን ይሰብስቡ።» ከዚያ ድንገት ተነሳች። «ጨርቆቹስ? የተነጠፉት ጨርቆች! የጣልኳቸው ባልዲ ውስጥ ውኃ ጨመሩበት?»

«መቼ ገባሁና!»

ባልዲው ደረቅ ነበር። ስድስቱን ነጭ ጨርቆች አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። እጅ አልነበሩም። መጀመሪያው ላይ ጥቁር የመዳፍ ስር ከነአውራ ጣቱ ይለያል፤ ሁለተኛው ላይ የሁለት ጣት ጥላ፤ ሌሎቹ እየሳሱ፣ እየገረጡ ሄደው ስድስተኛው የሻይ ጠብታ ይመስላል። የቀረው ያ ብቻ ነው።

ሚጣ ሽቦዋን ተሸክማ የመጣችው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ታላቅየው ወደ ኋላው ክፍል ጠራቻት። ተኳሹ ምንም የሚሠሩት ባይኖራቸውም ፊት ለፊት ሄደው መስኮት መወልወል ጀመሩ።

«ያንቺን ጨርቅ አጠብኩት» አለች ታላቅየው።

«ምኑን?»

«የአባዬን እጅ። ሰማያዊው ቅርጫት ውስጥ አገኘሁት። የሰው መስሎኝ ነው።»

ሚጣ ሽቦውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ካኪውን አንስታ ወደ ብርሃኑ ወሰደችው፣ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ እድፉ በነበረበት ቦታ የራሷን መዳፍ አሳረፈችበትና ቆመች። የማሽኑ ውኃ ሲሞላ፣ ሲቆም፣ መዞር ሲጀምር ይሰማል።

«አንቺ እኮ ታውቂዋለሽ» አለች በመጨረሻ። «አስራ ሦስት ዓመት አብረሽው ኖረሻል። ሲስቅ ሰምተሽዋል። እኔ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።»

ታላቅየው አፏ ላይ ብዙ ነገር መጣ። ቅርጫቱ ውስጥ ማን ክተቺ አለሽ፤ እንዲህ ያለ ስም ላውንደሪ ቤት ውስጥ ይወጣል ወይ፤ ጋዋኑን ስትወስጂ ለምን አልነገርሽኝም። ሁሉም እውነት ነው፤ ያቺ ቀለም የምታስለቅቀው ምላሷ ሁሉንም አሰናድታ ጨርሳ ነበር። ዋጠችው።

«ጠዋት ልክ ነሽ» አለች። «ማጠብ ብቻ ነው የማውቀው።»

ሚጣ ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ቀላ። «ሰማሽኝ?»

«ግድግዳው ቺፑድ ነው።»

«እታለም፣ እኔ እንደሱ ለማለት… መምህርቷ ናት፣ እህትሽ ሥራዎቹን ካልወደደቻቸውስ ብላ ስትጨነቅብኝ…»

«ተይው። ይኸው እውነቱ» አለችና ስድስቱን ጨርቆች ወደ ብርሃኑ ገፋችላት። «እድፍ አይጠፋም። ከዚያ ወጥቶ እዚህ ነው የገባው። እጅ አይመስልም፣ አውቃለሁ። ግን የእሱ ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም። ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ ይሄ ሁለተኛው። በተራ ነው ያስቀመጥኳቸው።»

ሚጣ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። የመጀመሪያው ላይ ያለውን አውራ ጣት በጣቷ ዳር ዳሩን ዞረችው። «ለምን ጠላሽው?» አለች ቀና ሳትል። «ጋዋኑን። ያን ቀን እንደ እባብ ነው የወረወርሽው።»

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። «ሲመጣ እንዴት እየሮጥኩ እንደምቀበለው ልነግርሽ አልችልም» አለች። «እሱ ደግሞ በሩ ላይ ይቆምና ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ ሌባ ነው የሚመስለው። ‹እንዳትነኪኝ፣ እጄ ቆሻሻ ነው› ይላል። እስኪታጠብ እጠብቃለሁ፤ ቀለሙ ግን አይለቅለትም። ነጭ ቀሚሴን እንዳያበላሽብኝ እንደፈራ ይበላል፣ ይተኛል። አቅፎኝ የሚያውቀው በበዓል ቀን ነው። ከዚያ ሞተ። ላንቺ ያ ቀለም አባዬ ነው፤ እኔን ግን አባዬን የከለከለኝ እሱ ነው። ማስለቀቅ የተማርኩት ለምን ይመስልሻል?»

«ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም» አለች ሚጣ።

«ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

ሚጣ መሐረብ ያለበት ይመስል የእህቷን ነጭ የሥራ ጋዋን ኪስ ዳበሰች፤ ነበረ። ተናፈጠችና ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። «ሽቦውን ያዢልኝ» አለች።

አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሠሩት። ሚጣ የምታደርገውን ታውቃለች፤ እጇ ፈጣን ነው፤ ታላቅየው ይህን ልብ ብላ አይታው አታውቅም ነበር። የታጠበው ካኪ ከነአንሶላው ከላይ ተሰቀለ። ከስሩ ስድስቱ ነጭ ጨርቆች በሽቦ ተንጠልጥለው ከጥቁሩ ወደ ገረጣው ተደረደሩ። ተኳሹ መሰላሉን ያዙ፣ ታላቅየው ወጥታ ሰቀለች፣ ሚጣ ከታች ሆና «ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ፣ እንደሱ» አለች። ጨርቆቹ ገና ከግሊሰሪኑ ስላልደረቁ ሽቦ ስታስርባቸው የሚጣ ጣቶች ጠቆሩ። ተኳሹ አዲስ ወረቀት ልጻፍ ወይ ብለው ጠየቁ። ሚጣ አሮጌውን ወሰደችና አነበበችው፦ ቁጥር 114፣ እድፉን እዩልኝ፣ ያጠበው የሚለው ላይ የእህቷ ፊርማ። «ይሄው ይሁን» አለችና አንጠለጠለችው።

ታላቅየው ከመሰላሉ ስትወርድ የመጨረሻው እርከን ላይ ተንገዳገደች። ሚጣ ልትይዛት ወደ ፊት ብላ፣ ድንገት ነጩን ጋዋን አየችና እጆቿን ወደ ላይ አነሳች።

«እንዳልነካሽ፣ እጄ ቆሻሻ ነው።»

ካለችው በኋላ ነው ያለችው የገባት። ታላቅየው መሬት ረግጣ፣ እህቷን፣ እነዚያን ወደ ላይ የተነሱ ጥቁር ጣቶች ስታይ ቆየች።

«ነይ ወዲህ» አለች። «ማጠብ አውቅ የለ።» ጎትታ አቀፈቻት። ሚጣ መጀመሪያ እጆቿን አየር ላይ እንዳደረገች ቆየች፤ ከዚያ አወረደቻቸው።

አስር ሰዓት ላይ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሱፍ ለብሰው፣ መምህርቷ ስምንት ተማሪዎቿን አስከትላ፣ ጎረቤቶችም ልብሳቸው ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ ያህል ገቡ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ተጋፍተው ነው የሚያዩት። 31 ያገኘው ልጅ ወረቀቱን አወቀውና ጓደኞቹ ሳቁበት። 114 ፊት ለፊት የቆሙት ከሌላው ይልቅ ይቆያሉ፤ አንዳንዱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አንዳንዱ ከግራ ወደ ቀኝ ያየዋል። ታላቅየው ውኃ ታድላለች፣ «አይንኩት፣ ገና እርጥብ ነው» ትላለች፣ ለጠየቃት ሁሉ ስለ ግሊሰሪን ታስረዳለች። ዞር ስትል ተኳሹ የሆነ ነገር ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ ሚጣ ከሩቅ ስታያቸው መልሰው ዘጉት።

የፋርማሲዋ ባለቤት የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው። ወረቀቱን አነበበች፣ ካኪውን መረመረች፣ ጨርቆቹን ቆጠረች። ከዚያ ዓይኗ ሌላ ነገር ያዘ። በሰው መሀል ተሹለክልካ መጥታ ታላቅየውን በክርኗ ነካ አደረገቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እንዴ አንቺ! ጀርባሽ ላይ እድፍ አለ እኮ፤ የሁለት እጅ ሙሉ ጣት!» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች።